ካቢኔ ልግዛ ወይስ ሌላ ነገር ይቅደም?

«ጤና ይስጥልኝ። ሞዴል መኪና መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። እስካሁን የምሠራው ምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ማታ እዘረጋለሁ፣ ጠዋት እሰበስባለሁ። አሁን ቤት ውስጥ አንድ ትንሽ ክፍል ተለቀቀልኝ። ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ነው፣ አንድ መስኮት አለው። ደስ ብሎኝ ዕቃዬን በሙሉ አስገባሁ። ግን ከበፊቱ ባሰ። ቦዲ ቀብቼ ስመለስ ክሊሩ (የላይኛው ግልጽ ቀለም) ላይ አቧራ ተለጥፎ አገኘዋለሁ። በቀደም አንድ የ1/24 (ከእውነተኛው 24 ጊዜ የሚያንስ) ስፖኪዮ ከወረንጦዬ ተስፈንጥሮ እስካሁን አልተገኘም። ባለቤቴ ደግሞ የቲነሩ ሽታ ልጆቹ መኝታ ቤት ድረስ ይገባል እያለች መቆጣት ጀምራለች። ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ ያላቸውን ሰዎች ፎቶ እያየሁ እቀናለሁ። እንደነሱ ሙሉ ካቢኔ ልግዛ ወይስ ሌላ የሚቀድም ነገር አለ? ወደ 1/12 ለመሻገርም እያሰብኩ ነው።»
ክፍል አግኝቶ ያልተመቸው

ወንድሜ፣ ካቢኔውን ለጊዜው ተወው።

ፎቶዎቹም አያስቀኑህ። ብዙዎቹ ለካሜራ ተብለው የተደረደሩ ይመስሉኛል። ቀለሙ ከነጭ እስከ ጥቁር በተራ ተሰልፏል። ፒንሳው፣ ሞረዱ፣ ወረንጦው በየልኩ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ግን አንዲት የፕላስቲክ ፍርፋሪ የለችም። እዚያ ላይ መኪና ይሠራል ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

የእውነት የሚሠራበት ክፍል በሌላ ነገር ነው የሚታወቀው። እዚያ ውስጥ እርስ በርስ የሚጣሉ ነገሮች ተራርቀው ተቀምጠዋል። አቧራና እርጥብ ቀለም አይስማሙም። ትነትና ሳንባ አይስማሙም። ጎማና ፕላስቲክ እንኳ አይስማሙም፤ እሱን ኋላ እነግርሃለሁ። ስለዚህ አንድ ዕቃ በእጅህ ይዘህ «የት ላስቀምጠው?» ከማለትህ በፊት «ይሄ ምን ያበላሽብኛል?» በል። ቦታው ራሱ ይመጣል። አሁን ያለብህ ችግር የመደርደሪያ ማነስ አይደለም። ሁሉንም ጠበኛ አንድ ክፍል አስገብተህ በር ዘግተህባቸዋል።

ከሽታው እንጀምር፤ ባለቤትህ ልክ ናትና። ሽታው መኝታ ቤት ከደረሰ፣ ቀለሙ ላይ አጎንብሰህ የምትውለው አንተማ ምን ያህል እየሳብክ እንደሆነ አስበው። ላከር የሚባለው ቀለምና ቲነሩ ቀልድ አይደሉም። መስኮት መክፈትም ብቻውን አይበቃም። ነፋሱ ወደ ውስጥ በነፈሰ ቀን ሽታውን እየገፋ ወደ ሳሎን ያስገባዋል።

የሚያስፈልግህ የቀለም መርጫ ሳጥን ነው። ፊቱ ክፍት፣ ጀርባው ላይ ቬንትሌተር ያለው፣ አየሩን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ። «ቱቦ አያስፈልገውም፣ ማጣሪያ አለው» የሚባለውን አትመን። ስፖንጁ የቀለሙን ብናኝ ይይዛል፤ ትነቱን ግን መልሶ ክፍሉ ውስጥ ነው የሚለቅልህ።

ጉልበቱ ምን ያህል ይሁን? አየሩ በሳጥኑ አፍ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ያህል ፍጥነት ቢገባ ጥሩ ነው። የሳጥኑ አፍ 50 ሴንቲ ሜትር በ40 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 0.2 ካሬ ሜትር ይሆናል። በ0.5 ስታባዛው በሰከንድ 0.1 ሜትር ኩብ፣ በሰዓት ደግሞ 360 ሜትር ኩብ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ቬንትሌተሩ ምንም ሳይገጠምበት የሚገፋው ነው። ማጣሪያና ቱቦ ሲጨመርበት ይደክማል። ስለዚህ ከሒሳቡ ከፍ ያለውን ምረጥ። ቱቦውም አጭርና ቀጥ ያለ ይሁን፤ የሚተጣጠፈውና የተሸበሸበው ዓይነት በየእጥፋቱ አየሩን ያስረዋል። ሞተሩ ደግሞ ትነቱ ከሚያልፍበት መንገድ ውጭ የተቀመጠ ወይም ብሩሽ የሌለው ይሁን፤ የቲነር ትነት ብልጭታ አይወድም። ሲጋራ፣ ሻማ፣ ማሞቂያ እዚያ ክፍል አይገቡም።

አንድ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ቬንትሌተሩ አየር እንዲያወጣ ከሌላ ቦታ አየር መግባት አለበት። ክፍሉን ጥርቅም አድርገህ ከዘጋኸው ዝም ብሎ ይጮሃል እንጂ አይስብም። ከበሩ ሥር ክፍተት ተውለት። ያኔ አየሩ ከቤቱ ወደ ክፍልህ፣ ከክፍልህ ወደ ውጭ ይሄዳል። የልጆቹ መኝታ ቤት ጉዳይ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ረጭተህ ስትጨርስም ወዲያው አታጥፋው፤ ቀለሙ እየደረቀ ስለሚተን ትንሽ ይቆይ።

ማስክም ያስፈልግሃል። የወረቀቱ ማስክ ለብናኝ እንጂ ለትነት አይሆንም። የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያና የብናኝ ማጣሪያ አንድ ላይ ያሉበትን ግዛ። ስታወልቀው አየር በማያስገባ ከረጢት አሽገው፤ ዝም ብለህ ከሰቀልከው ማጣሪያው ሳትጠቀምበት ያልቃል። አድርገኸው ሽታ ከተሰማህ ቀይረው። ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን ሁለት ክፍል ክሊር ግን፣ መስታወት የመሰለ ውጤት ቢሰጥም፣ ልጆች ባሉበት ቤት ባትነካው ደስ ይለኛል። ውስጡ አይሶሳያኔት አለ፤ እሱ አስም የሚያስይዝ ነገር ነው፣ በጠረኑም ቀድሞ አያስጠነቅቅም። ተራ ላከር ክሊር በደንብ ከተወለወለ ማን ይለየዋል?

ወደ አቧራው እንሂድ። ክሊርህ ላይ የሚያርፈው አቧራ ከሰማይ አይመጣም። አንተው ትሠራዋለህ። ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ትፈቀፍቃለህ፣ ብናኙ ሹራብህ ላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ አምፖሉ ላይ ያርፋል። ከዚያ ኮምፕሬሰር ታስነሳለህ፣ ሁሉም ይነሳል። ፕላስቲክ ደግሞ ሲፈተግ በኤሌክትሪክ ስለሚሞላ ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል።

ክፍልህን ሦስት ቦታ ክፈለው። መርጫው መስኮቱ ጋ ይሁን፤ ቱቦው ስለሚያጥር ሌላ ምርጫም የለህም። ንጹሑ ሥራ፣ ማለትም መገጣጠሙ፣ ዲካል የሚባለውን ተለጣፊ ምልክት መለጠፉ፣ ትናንሽ ነገር በብሩሽ መቀባቱ፣ ረጅሙ ግድግዳ ላይ ይሁን። መቁረጡ፣ መሞረዱና መፈተጉ ከመርጫው በጣም ርቆ፣ በሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ። ጠረጴዛ ካልገባልህ ጠርዙ ከፍ ያለ ሰፊ ትሪ ይበቃሃል። ፍትጊያው ሁሉ ትሪው ውስጥ ያልቃል፣ ከዚያ ትሪውን ይዘህ ወጥተህ ታጥበዋለህ።

ይህም ካልሆነልህ በጊዜ ለያቸው። ክፍሉ ጠባብ ለሆነበት ሰው ከማንኛውም ካቢኔ የሚበልጥ ዘዴ ነው። በተፈተገበት ቀን ቀለም አይረጭም። ፈትገህ ጨርስ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሁሉንም ጥረግ፣ ዝጋው። የተንሳፈፈው ሌሊቱን ይርጋ። በማግስቱ መርጫውን ብቻ እንደገና ጠርገህ ሥራህን ጀምር። የምትፈትገውንም በተቻለህ መጠን በውኃ ፈትገው፤ ብናኙ አየር ላይ ሳይሆን ውኃው ውስጥ ይቀራል። ሬዚን (በቅርጽ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ከሆነ ደግሞ ሁልጊዜ በውኃ፣ ሁልጊዜ በማስክ።

ከመርጫው በላይ ምንም መደርደሪያ አትስቀል። የሚያምረው ፎቶ ላይ ቀለሙ ሁሉ ከመርጫው በላይ ተደርድሯል አይደል? ያ መደርደሪያ የአቧራ ማከማቻ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ባነሳህ ቁጥር ቦዲው ላይ ይዘንባል።

የተረጨው ቦዲ የሚገባበት ቤትም ይኑረው። ክዳን ያለው ትልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን በቂ ነው። ገልብጠው፤ ክዳኑ ወለል፣ ሳጥኑ ጣሪያ ይሁን። ቦዲውን ከነመያዣው ክዳኑ ላይ ታቆመዋለህ፣ በላዩ ትደፋበታለህ። ትነቱ እንዲወጣ አንዱን ጠርዝ በትንሽ እንጨት ከፍ አድርገው። አንዳንዶች ፍራፍሬ ማድረቂያ ማሽን ይጠቀማሉ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ከ40 ዲግሪ ብዙም አትለፍ። ስስ ፕላስቲክ ሲሞቅ ይጣመማል፣ ጣሪያው የተጣመመ ቦዲ ደግሞ መስታወት አይቀበልም። ከመርጨትህ በፊት ቦዲውን በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና እጠበውና አለቅልቀው። በፎጣ አታድርቀው፤ ክር ይተውልሃል። በራሱ ይድረቅ፣ ከዚያ በኋላ በጓንት እንጂ በእጅህ አትንካው።

ብርጭቆ ወረቀቱንም እንዲሁ ለያየው። 400፣ 800፣ 1500፣ 2000 አንድ መሳቢያ ውስጥ ተደበላልቀው ካሉ ነገሩ አልቋል። ከሻካራው 400 የወጣች አንዲት ፍሬ ለስላሳው 2000 ላይ ተጣብቃ፣ ስትወለውለው የዋልከውን ኮፈን በአንድ ሰረዝ ትጨርሰዋለች። ሰረዙ የሚታይህም ወረቀቱን ካነሳህ በኋላ ነው። እያንዳንዱን ቁጥር በየፖስታው አድርግና ላዩ ላይ ጻፍበት። ወጪው ምንም አይደለም።

አሁን ቃል የገባሁልህ የጎማው ጉዳይ። ዛሬውኑ ሂድና ያልሠራሃቸውን ኪቶች (ያልተገጣጠሙ ሞዴሎች) በሙሉ ክፈታቸው። ብዙ ኪት ውስጥ ጎማዎቹ ለስላሳ ቪኒል ናቸው። ቪኒሉን የሚያለሰልሰው ኬሚካል ዓመታት ሲያልፉ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ የነካውን ፖሊስታይሪን (የቦዲውን ፕላስቲክ) ደግሞ ያቀልጠዋል። ጎማው ቦዲው ላይ ተኝቶ ከቆየ፣ ስታነሳው የጎማው ጥርስ ፕላስቲኩ ላይ ታትሞ ታገኘዋለህ። የፊት መስታወቱ ላይ ከሆነማ መድኃኒት የለውም። ጎማዎቹን ለብቻቸው በትንሽ ከረጢት አሽገህ መልስ። መስታወቶቹን እንዳይጫጫሩ በስስ ወረቀት ጠቅልል። ዲካሉን ከብርሃንና ከእርጥበት አርቀህ በከረጢት አስተኛው።

ሌሎችም የማይስማሙ አሉ። ሱፐር ግሉና ማድረቂያው ስፕሬይ አንድ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጡ፤ የማድረቂያው ትነት ሙጫውን ጠርሙሱ ውስጥ ያደርቀዋል። ሱፐር ግሉ ከመስታወትም ጋር አይስማማም፤ ትነቱ ነጭ ጭጋግ ይተውበታል፣ ስለዚህ ለመስታወት ነጩን የእንጨት ሙጫ ተጠቀም። ላከርና ኢናሜል ቀለም ጎን ለጎን ቢቀመጡ አይጎዳዱም። ችግሩ በስህተት የምታነሳው አንተ ነህ። ኢናሜል ላይ ላከር ከደረብክ ሥረኛው ይሸበሸባል። በተለያየ ፎቅ አስቀምጣቸው፣ ክዳናቸው ላይም የተለያየ ቀለም ነጥብ አድርግ። የስፕሬይ ጣሳ ፀሐይ ከሚመታው መስኮትና ከማሞቂያ ይራቅ፤ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ የለበትም። ቲነር የነካ ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ይግባ፣ ቀኑ ሲያልቅ ከቤት ይውጣ።

ጠረጴዛውን በተመለከተ ብዙ አልልህም። ተራ ጠረጴዛ ቁመቱ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመጻፍ ይመቻል፣ ለስፖኪዮ ግን ያስጎነብሳል። አንተ ወደ ሥራው ከምትወርድ ሥራው ወደ አንተ ይምጣ። ጠረጴዛው ላይ 15 ሴንቲ ሜትር የምታህል ጠንካራ ሳጥን አስቀምጥና የመቁረጫ ምንጣፉን እላይዋ ዘርጋ፤ ክርንህም ይደገፋል፣ አንገትህም ያመሰግንሃል። መብራት ከግራና ከቀኝ ሁለት ይሁን፣ የእጅህ ጥላ ሥራው ላይ እንዳያርፍ። አምፖሉ ከ5000 እስከ 6500 ኬልቪን፣ ሲአርአይ የሚባለው፣ ቀለምን በትክክል የማሳየት ቁጥሩ ደግሞ 90 እና ከዚያ በላይ ይሁን። መርጫው ጋም ያንኑ አምፖል አድርግ። አለበለዚያ እዚያ ያማረህ ቀይ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ ሌላ ቀይ ይሆንብሃል።

ከዚያ በኋላ ዕቃ የሚደረደረው በእጅ ርዝመት ነው። ክንድህን ሳትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ላይ በየቀኑ የምትይዘው ብቻ ይቀመጥ፤ ካተር፣ ወረንጦ፣ መቁረጫ ፒንሳ፣ ሙጫ። ፑንታና ትናንሽ ሞረዶች የመጀመሪያው መሳቢያ። በወር አንዴ የምትነካው ከዓይንህ ይጥፋ። ክብ እጀታ ያለው ካተር ይንከባለላል፤ እንዳይንከባለል ቴፕ ጠቅልልበት። ከወደቀ ደግሞ ይውደቅ! በጭንህ ልትይዘው አትሞክር። ጫማ አድርገህ ሥራ። ያረጀ ምላጭ ክዳን ያለው ጣሳ ውስጥ እንጂ ቅርጫት ውስጥ አይጣልም።

ስፖኪዮህን እንፈልግ። መብራቱን አጥፋ፣ የስልክህን ባትሪ ወለሉ ላይ አስተኝተህ አብራ። በዝቅታ የሚሄድ ብርሃን ለትንሿ ነገር ሁሉ ረጅም ጥላ ይሰጣታል። ካላየኸው የቫኩም ክሊነሩን አፍ በስስ ካልሲ ሸፍነህ ጥግ ጥጉን ሳብ፤ ካልሲው ላይ ተለጥፎ ይመጣል። ምንጣፍ ካለህ አውጣው። ወለሉ ለስላሳና ነጣ ያለ ከሆነ ግማሹ ችግር ይቀላል። ለወደፊቱ የሽርጥህን ጫፍ ጠረጴዛው ሥር በቴፕ ለጥፈው፤ የወደቀው ሁሉ ጭንህ ላይ ይቀራል። በጣም ትንንሾቹን ደግሞ ግልጽ ከረጢት ውስጥ እጅህን አስገብተህ ቁረጣቸው። ወረንጦውንም ተመልከተው። ጫፎቹ ትክክል ካልገጠሙ፣ በጨበጥከው ቁጥር ይተኩሳል። አንተ ደግሞ እንዳያመልጥህ ብለህ አጥብቀህ ትጨብጠዋለህ፣ ይብሳል።

የተጀመሩ መኪናዎችህ ስንት ናቸው? ደብዳቤህ ውስጥ አልነገርከኝም፤ እንዳልነገርከኝ ልብ ብያለሁ። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ትሪ ስጠው። ሻንሲው፣ ቸርኬው፣ ሞተሩ፣ የመመሪያ ወረቀቱ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይኑር። ትሪ ካለቀ አዲስ ኪት አይከፈትም። የመኪናውን ክፍሎች ደግሞ ተራቸው ሳይደርስ ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም አትቁረጥ፤ ቁጥሩ የተጻፈው ፍሬሙ ላይ ነው፣ ከተቆረጠ በኋላ የግራና የቀኙን መለየት ሌላ ጣጣ ነው።

የ1/12 ነገር። አራት ሜትር ተኩል የሆነ መኪና በ1/25 ስኬል 18 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/24 ወደ 19 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1/12 ግን ከ37 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ከ1/24ቱ በሁሉም አቅጣጫ እጥፍ ነው፣ የሚይዘው ቦታ ስምንት እጥፍ ማለት ነው። አሁን ያለህ ማድረቂያ ሳጥን፣ ትሪ፣ መደርደሪያ ምናልባት አንዱም አይሆነውም። አፉ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ መርጫ ውስጥም እንዲሁ እንደ ነገሩ ነው የሚዞረው። ስለዚህ 1/12 የምር ከሆነ አሁኑኑ ወስንና የመርጫውን ስፋት በዚያው ለካ። ሁለት ጊዜ መግዛት ነው የሚያስከፋው። አፉ ሲሰፋ የቬንትሌተሩ ሒሳብም አብሮ እንደሚያድግ አትርሳ።

ገንዘብህን በዚህ ተራ አውጣ። መርጫና ማስክ፣ ከዚያ መብራት፣ ከዚያ ክዳን ያላቸው ሳጥኖችና ትሪዎች። ካቢኔው ለጥቂት ወራት ይቆይ። እስከዚያ የትኛው ዕቃ የት መቀመጥ እንደሚፈልግ እጅህ ያውቀዋል፣ ስትገዛም ስንት መሳቢያ በምን ጥልቀት እንደሚያስፈልግህ ታውቃለህ።

ቱቦውን ለማስወጣት ብለህ የመስኮቱን መስታወት አታስቆርጥ። በመስኮቱ ልክ የተቆረጠ ጣውላ አሠራ፣ መሃሉን በቱቦው ልክ ብሳው፣ ጠርዙን በስፖንጅ ዙረው። ስትረጭ ትሰካዋለህ፣ ስትጨርስ ታነሳዋለህ። ከመስኮቱ ውጭ የጎረቤት መስኮት ካለ ግን ቱቦውን አርዝመህ ወደ ላይ አዙረው። በራስህ ቤት የተቆጣው ሰው ይበቃሃል።